የተጫረ ሸክላ፦ የዘፈን እገዳ አሠራር በአፓርታይድ ዘመኗ ደቡብ አፍሪካ

በደቡብ አፍሪካ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን የሸክላ ክምችት ውስጥ ገጻቸው ሆን ተብሎ የተጫረ ሸክላዎች ይገኛሉ። ጭረቱ በአገልግሎት ብዛት ወይም በአያያዝ ጉድለት የመጣ አይደለም። እንዳይሰራጭ በተወሰነበት ዘፈን ላይ ብቻ በሹል ነገር የተሠመረ ነው፤ በዚያው ሸክላ ላይ ከጎኑ ያሉት ዘፈኖች አልተነኩም። አንድ የዕለቱ ፕሮግራም አዘጋጅ በስሕተትም ሆነ በድፍረት ያንን ዘፈን ሊያጫውት ቢሞክር መርፌው እየዘለለ ያስቸግረዋል። ስለ አሜሪካዊው ድምፃዊ ሮድሪጌዝ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በ2012 ለዕይታ በቅቶ ይህን ጭረት ለዓለም ተመልካች ካሳየ ወዲህ፣ ምስሉ የአፓርታይድ ሳንሱር መለያ ሆኗል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ይሁንና ምስሉ ጉልህ የመሆኑን ያህል ሊያሳስትም ይችላል። አንድ ሸክላ እንዲጫር በቅድሚያ ዘፈኑ መደረስ፣ መቀዳት፣ መታተምና ከኮርፖሬሽኑ ደጅ መድረስ ነበረበት። በመሆኑም ጭረቱ የሚመሰክረው ሳንሱሩ ዘግይቶ ስለደረሰባቸው ዘፈኖች ነው። ቀድሞ የደረሰባቸው ዘፈኖች ይህን የመሰለ ምልክት አልተዉም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፦ በአፓርታይድ ዘመን የዘፈን እገዳ ዋነኛ ጉልበቱን ያገኘው ከአዋጅና ከፖሊስ ይልቅ ከተራ የቢሮ አሠራር፣ በተለይም ከግጥም ማቅረቢያ ወረቀትና ከቋንቋ ንጽሕና ደንብ ነበር። የታገዱ ዘፈኖችን ዝርዝር በመቁጠር ብቻ የሚካሄድ ጥናት ይህን ጉልበት ሊለካው አይችልም።

አቤቱታ የሚጠብቅ ሕግ፣ አቤቱታ የማይጠብቅ ኮሚቴ

የ1974ቱ የኅትመቶች ሕግ የኅትመቶች ዳይሬክቶሬት የተባለውን መሥሪያ ቤት አቋቋመ። መሥሪያ ቤቱ መጻሕፍትንና መጽሔቶችን ብቻ ሳይሆን ሸክላዎችንም «የማይፈለጉ» ብሎ የመፈረጅ ሥልጣን ነበረው። አንድ ሥራ እንዲህ ከተፈረጀ ማሰራጨቱ ወንጀል ይሆናል፤ ከበድ ባለ ጊዜም በእጅ መገኘቱ ራሱ ያስጠይቃል። ነገር ግን ዳይሬክቶሬቱ በሙዚቃ ረገድ ገበያውን በራሱ ተነሣሽነት የሚያስስ አልነበረም። ፖሊስ፣ የጉምሩክ ሹም ወይም የተቆጣ ዜጋ አቤቱታ ሲያቀርብ ጉዳዩን ለኮሚቴ ይመራል፤ ኮሚቴው የደረሰበት ውሳኔ በመንግሥት ጋዜጣ ይታወጃል፤ ይግባኝም ይባልበታል። የፒንክ ፍሎይድ ስለ ትምህርት ቤት የሚናገር ዝነኛ ዘፈን በ1980 የታገደው በዚህ መንገድ ነው። ትምህርት ያቆሙ ተማሪዎች የዘፈኑን አዝማች የተቃውሟቸው መፈክር አድርገውት ስለነበር፣ እገዳው የዘፈኑን ዝና ከማጉላት በቀር ብዙ የፈየደ አይመስልም።

የብሮድካስት ኮርፖሬሽኑ መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በ1936 የተቋቋመው ይህ ድርጅት ለረጅም ጊዜ የአገሪቱን አየር ሞገድ ብቻውን ሊባል በሚችል ደረጃ ይዞት ቆይቷል። ቴሌቪዥን እንኳ አገልግሎት የጀመረው በ1976 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ሕዝብ ዘንድ መድረስ ለሚሻ ዘፋኝ ዋናው በር ሬዲዮ ነበር። ወደ ኮርፖሬሽኑ የሚገባ አዲስ ሸክላ በኮሚቴ ይመረመራል፤ ያላለፈው ዘፈን በሽፋኑ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ አንዳንዱም ይጫራል። ውሳኔው በጋዜጣ አይወጣም፤ እንደ ዳይሬክቶሬቱ ያለ የይግባኝ ሰሚም አልነበረውም። ኮርፖሬሽኑ ዘፈኑን «አገደ» አይባልም፤ እንደ ማንኛውም አዘጋጅ ለፕሮግራሙ «አልመረጠውም» ይባላል እንጂ። እገዳን የምርጫ ልብስ ማልበስ የዚህ አሠራር መሠረታዊ ባሕርይ ነው፤ ሊከሰስም ሆነ ሊሞገት ያልቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሮድሪጌዝ አልበም ዕጣ በግልጽ ያሳያል። አልበሙ በደቡብ አፍሪካ ሙዚቃ ቤቶች ከ1971 ጀምሮ በነጻነት ተሸጧል፤ በነጮቹ ወጣቶች ዘንድም እጅግ ተወዷል። አደንዛዥ ዕፅን የሚያነሣው ዘፈኑ ግን በኮርፖሬሽኑ ቅጂ ላይ ተጭሯል። ሕጉ ያልነካውን ሸክላ ቢሮው ነካው ማለት ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቢሮው የሚመረምረው ዘፈኑን ሳይሆን ዘፋኙን ነበር። ጆን ሌነን በ1966 ቡድኑ ከኢየሱስ ይልቅ ታዋቂ ስለመሆኑ የሰጠው አስተያየት ቁጣ ሲቀሰቅስ የቢትልስ ዘፈኖች በሙሉ ከኮርፖሬሽኑ ጣቢያዎች ወጡ፤ የተመለሱት በ1971 ነው። ስቲቪ ዎንደር በ1985 የኦስካር ሽልማቱን በኔልሰን ማንዴላ ስም ሲቀበል፣ የተሸለመበት ዘፈን ከፍቅር ሌላ ምንም የማያወሳ የስልክ ሰላምታ ቢሆንም፣ ሥራዎቹ ወዲያው ከአየር ተነሡ። ሚሪያም ማኬባም በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ፊት አፓርታይድን ካወገዘች በኋላ ድምፅዋ በትውልድ አገርዋ ዝም እንዲል ተደርጓል። ያው ድምፅ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በግንቦት ወር አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ለተሰበሰቡት መሪዎች ተሰምቶ ነበር።

ወረቀቱና ቋንቋው

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚሻው የቋንቋ ደንቡ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሬዲዮ ባንቱ በሚል ስም የተስፋፋው የጥቁሮች ስርጭት በቋንቋ የተከፋፈለ ነበር፤ ዙሉው የራሱ ጣቢያ፣ ኾሳው የራሱ፣ ሶቶው የራሱ፣ ጽዋናውም የራሱ ጣቢያ ተሰጠው። ይህ አከፋፈል ጥቁር ሕዝብ የለም፣ ያሉት ለየብቻ ሊለሙ የሚገባቸው «ብሔሮች» ናቸው የሚለውን የመንግሥቱን ትምህርት በአየር ሞገድ የሚተረጉም ነበር። ከዚህ የተነሣ ሁለት ቋንቋ የሚቀላቅል ዘፈን የሚሰራጭበት ጣቢያ አያገኝም። የከተማ ወጣቶች የሚነጋገሩበት የተቀላቀለ የመንደር ቋንቋም «ያልጠራ» ተብሎ ይገፋ ነበር።

ደንቡ ሲነበብ ፖለቲካ የለበትም፤ የሰዋስው መምህር የጻፈው ይመስላል። ይሁን እንጂ በውጤቱ ከማንኛውም የፖለቲካ መመዘኛ የበለጠ ፖለቲካዊ ነበር፤ ምክንያቱም በጆሐንስበርግና በሶዌቶ የሚኖረው ሠራተኛ አፉን በከፈተ ቁጥር ቋንቋ ይቀላቅላል። የዚያን ሰው አነጋገር በዘፈን ማሰማት ማለት መንግሥቱ ለያይቶ ያስቀመጣቸው ሕዝቦች አብረው እንደሚኖሩ ማሳየት ነው። ኮሚቴው በግጥሙ ውስጥ የተቃውሞ ቃል መፈለግ አያስፈልገውም፤ የቃላቱ ጉርብትና በራሱ ጥፋት ነበርና።

የጁሉካ ታሪክ ለዚህ ዋነኛ ማስረጃ ነው። ነጩ ጆኒ ክሌግና ከገጠር ዙሉላንድ ለሥራ የመጣው ሲፎ ምቹኑ በጋራ የመሠረቱት ይህ ቡድን በ1979 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ እንግሊዝኛና ዙሉኛ በአንድ ዘፈን ውስጥ እየተፈራረቁ ይሰሙ ነበር። አልበሙ ስለ ሠራተኞች ስደትና ስለ ናፍቆት ይናገራል እንጂ መንግሥትን በስም አይሳደብም። ቢሆንም በኮርፖሬሽኑ ጣቢያዎች ዘንድ ቦታ አላገኘም ማለት ይቻላል፤ ለእንግሊዝኛው ጣቢያ ዙሉኛ በዝቶበት፣ ለዙሉኛው ጣቢያ ደግሞ ቋንቋው ተበርዞበት። ቡድኑ አድማጭ ያፈራው በአዳራሽ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢና በሠራተኞች ማደሪያ እየተዘዋወረ በመዝፈን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ምፀት ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በ1979 መጨረሻና በ1980 ሁለት የግል ጣቢያዎች፣ ካፒታል ሬዲዮ 604 እና ሬዲዮ 702፣ ትራንስካይና ቦፑታትስዋና በተባሉት የይስሙላ ነጻ አገሮች ሆነው ማሰራጨት ጀመሩ። እነዚህን ግዛቶች የፈጠረው ራሱ የአፓርታይድ መንግሥት ነው፤ ነጻ መሆናቸውን ከእርሱ በቀር የተቀበለ አገር አልነበረም። ሆኖም የኮርፖሬሽኑ ደንብ በወረቀት ደረጃ እዚያ ስለማይደርስ፣ በዋናው ጣቢያ ያልተሰሙ ዘፈኖች በልብ ወለዱ ድንበር በኩል ተመልሰው ወደ አገሪቱ ከተሞች ገቡ።

የደንቡ ዕድሜ የረዘመው የግጥም ወረቀት በሚባለው አሠራር ነው። የሸክላ ኩባንያዎች አዲስ ሥራ ሲያቀርቡ የዘፈኖቹን ግጥም በጽሑፍ አያይዘው ማስገባት ነበረባቸው። በዚህም ሳቢያ መጀመሪያ የሚመረምረው ዓይን ኮሚቴው ዘንድ ሳይሆን ኩባንያው ዘንድ ሆነ። በሬዲዮ ባንቱ ያልተደመጠ የጥቁር ሙዚቃ ብዙ አይሸጥም፤ ስለሆነም ፕሮዲዩሰሩ ዘፋኙን ወደ ስቱዲዮ ከማስገባቱ በፊት «ይህች ቃል አታልፍም» ይለዋል። ቃሏ ትወጣለች፤ ወይም ዘፈኑ በሙሉ ይቀራል። ለዚህ ንግግር ቃለ ጉባኤ አልተያዘለትም። ኮሚቴው ያልከለከለው፣ ሕጉ ያላወቀው፣ ኩባንያውም «የገበያ ጉዳይ» ብሎ የሚጠራው ይህ እገዳ ከሁሉም የሰፋው ሳይሆን አይቀርም፤ ከጭረቱ ጋር ሲነጻጸርም ዝምተኛ ነው።

ራሳቸውን ለመቻል የሞከሩትም ቢሆኑ ከሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ አላመለጡም። በ1980ዎቹ የተነሡት ትንንሽ አሳታሚዎች፣ ለምሳሌ ሎይድ ሮስ የመሠረተው ሺፍቲ ሬከርድስ፣ ከሬዲዮ ምንም ሳይጠብቁ ይቀዱ ነበር። ነገር ግን የተቀዳውን ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ፋብሪካው የትልቅ ኩባንያ ንብረት ነው። ካላሃሪ ሰርፈርስ በሚል ስም ይሠራ የነበረው ዋሪክ ሶኒ በ1984 ያዘጋጀውን አልበም አገር ውስጥ አናትምም ስላሉት በእንግሊዝ አገር አሳትሞታል። በዚህ ጊዜ ሳንሱር አድራጊው የመንግሥት ሹም ሳይሆን ፋብሪካው ነበር።

ወረቀቱ ያልበቃው ጊዜ

አሠራሩ ሁልጊዜ ዝምተኛ አልነበረም። ሮጀር ሉሲ የተባለው ነጭ ዘፋኝ በ1979 ባወጣው አልበም፣ በፖሊስ እጅ ሳለ በ1978 ፖርት ኤልዛቤት ውስጥ ከፎቅ ወድቆ ስለሞተው ወጣት ሉንጊሌ ታባላዛ ዘፈነ። የሟቹን ስም በዘፈን መጥራት ከፍቅርና ከናፍቆት ዘፈን ጋር የሚወዳደር ድፍረት አልነበረም። አልበሙ ታገደ፤ ሥራዎቹም በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ከተሰሙ በኋላ የጸጥታ ፖሊስ ባልደረባ የሆነው ፖል ኢራስመስ ዘፋኙን ዝም የማሰኘት ተልእኮ ያዘ።

ኢራስመስ ከዓመታት በኋላ በይፋ እንደተናዘዘው፣ ሥራው የተከናወነው በፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም። ወደ ሙዚቃ ቤቶች እየሄደ ሸክላዎቹን ከመደርደሪያ አነሣ፤ ሻጮችንና የመድረክ አዘጋጆችን አስፈራራ፤ ሉሲ በሚዘፍንበት በአንድ የጆሐንስበርግ ክበብ የአየር ማቀዝቀዣ ውስጥም አስለቃሽ ጋዝ ጨመረ። ሻጩ የተጻፈ ትእዛዝ አልደረሰውም፤ ነገር ግን ይህን ዘፋኝ መሸጥ ጣጣ እንዳለው ተረድቷል፤ የክበቡ ባለቤትም እንዲሁ። ሉሲ የሚዘፍንበት መድረክ እየጠፋ ሄደና የዜና ካሜራ ባለሙያ ሆነ። ለምን እንዲህ እንደሆነበት እንኳ ለረጅም ጊዜ በውል አላወቀም። ይህ ነጥብ ለተመራማሪ ትልቅ ትርጉም አለው፦ የታገደው ሰው ራሱ የእገዳው ሙሉ ምስክር ሊሆን አልቻለም። ገበያው እንደጠላው፣ ችሎታው እንደደከመ አድርጎ ሊያስብ ይችላልና። ማይክል ድሩወት በ2002 በሠራው ዘጋቢ ፊልም ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ሲነጋገሩ የሚታየው ታሪክ የተገኘው ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከአድራጊው አንደበት ነው።

አፍሪካንስ ተናጋሪዎቹም ከዚህ አልዳኑም። በ1989 የአፍሪካንስ ሮክ ሙዚቀኞች «ፉልፍራይ» በሚል መጠሪያ አገር አቋርጠው ሲዞሩ፣ በአባቶቻቸው ቋንቋ በአባቶቻቸው መንግሥት ላይ መሳለቃቸው ከባዕድ ስድብ የባሰ ሆኖ ተቆጠረ። የዮሐንስ ከርኮረል አልበም በኮርፖሬሽኑ ታገደ፤ የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲም ዝግጅቱ በግቢው እንዳይካሄድ ከለከለ። እነዚህ ዘፋኞች የቋንቋ ንጽሕና ጉድለት ቢገኝባቸውም ለዚያ ብቻ እንዳልተቀጡ ግልጽ ነው።

ኮሚቴው ያልሰማው

አሠራሩ በግጥም ወረቀት ላይ መመሥረቱ ጉልበቱ እንደነበረ ሁሉ ድካሙም ነበር። ኮሚቴው ከመስማት ይልቅ ማንበብ ይቀናዋል። በ1987 ብራይት ብሉ የተባለው ቡድን ያወጣው «ዊፒንግ» የተሰኘ ዘፈን ይህን ድካም እንደ መስተዋት ያሳያል። ደራሲው ዳን ሄይማን በግዳጅ ውትድርና ላይ የነበረ ወጣት ሲሆን፣ ግጥሙ በቤቱ ውስጥ የሚያስፈራ አውሬ አስሮ ስለሚኖር ሰው የሚናገር ምሳሌያዊ ትረካ ነው። በወረቀት ሲነበብ ተረት ይመስላል። በሙዚቃው ውስጥ ግን ቃል ሳይጨመርበት የ«ንኮሲ ሲከለሊ አፍሪካ» ዜማ ይሰማል። ይህ በ1897 በኤኖክ ሶንቶንጋ የተደረሰው መዝሙር በወቅቱ የታገደው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ መዝሙር ነበር። ዘፈኑ አለፈ፤ ከማለፍም አልፎ በኮርፖሬሽኑ በራሱ ጣቢያ፣ በሬዲዮ 5፣ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ሆነ።

በቅኔ ትምህርት አነጋገር ሰሙ በወረቀት ላይ፣ ወርቁ በዜማው ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን ንጽጽሩ እስከዚህ ድረስ ብቻ ይሄዳል። በቅኔ ሰምም ወርቅም ከቃሉ ይወጣሉ፤ እዚህ ግን ወርቁ ፈጽሞ ከቃል ውጭ ነው፤ ወረቀቱን አሥር ጊዜ ቢያነብቡት አይገኝም። ቺኮ ትዋላ በዚያው ዓመታት ማንዴላን ለመናፈቅ «ማኔሎ» የሚል የፈጠራ ስም ሲጠራ ያደረገው ግን ከቃል ጨዋታ ጋር ይቀራረባል፦ በጽሑፍ ሌላ ሰው ነው፣ በጆሮ ግን ማንም አልተሳሳተም። ሁለቱ ስልቶች በአንድ ስም «የተደበቀ መልእክት» እየተባሉ መጠቃለላቸው ልዩነታቸውን ይሸፍናል። አንደኛው አንባቢ ኮሚቴን ያልፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰምቶ እንዳልሰማ የሚሆን ኮሚቴ ያስፈልገዋል።

ምናልባትም ይህ የኋለኛው ዓይነት ኮሚቴ በ1980ዎቹ መጨረሻ እየበዛ ሄዷል። የስቲሜላ «ዊስፐርስ ኢን ዘ ዲፕ» በ1986 በስርጭት ላይ ገደብ ተደርጎበት ሳለ፣ ከዓመት በኋላ የታገደው መዝሙር ዜማ ሰንጠረዡን መምራቱ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ጆሮ እንዳልነበራቸው ያመለክታል። አዘጋጆችም የየራሳቸው ዝንባሌ ነበራቸው። ሳንሱርን እንደ አንድ ወጥ አካል የሚያይ ጥናት ይህን መሰንጠቅ ያልፈዋል።

የማስረጃው ጥያቄ

የኅትመቶች ሕግ በ1996 በሌላ ሕግ ተተካ፤ ከዚያ በፊትም የ1993ቱ ሕግ የስርጭት ፈቃድን ከመንግሥት እጅ ወደ ገለልተኛ ባለሥልጣን አዛውሯል። ከዚያ ወዲህ በርዕሱ ላይ የተሠሩ ጥናቶች በአመዛኙ በሦስት ምንጮች ላይ ተመሥርተዋል፤ እነርሱም በመንግሥት ጋዜጣ የወጡ ውሳኔዎች፣ የኮርፖሬሽኑ ክምችትና የሙዚቀኞች ቃለ መጠይቅ ናቸው። የመጀመሪያው በሚገባ የተደራጀ ነው፤ ስለሆነም ከሚገባው በላይ ይጠቀሳል። በዚህም የተነሣ ከፍተኛውን ድርሻ የያዘው የቢሮ እገዳ በዳርቻ ማስታወሻነት ይቀራል።

ከዚህ ይልቅ ፍሬያማ የሚመስለው በአንድ ዘፈን ላይ ሁለት ቅጂዎችን ማነጻጸር ነው፦ ኮርፖሬሽኑ ዘንድ ያለውንና በገዢዎች ቤት የቀረውን። ጭረቱ ያጠፋው የኮርፖሬሽኑን ቅጂ ብቻ ነው። በየቤቱ ያለው ሸክላ በአቧራና በብዛት በመደመጥ አርጅቶ ይሆናል፤ ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠውም ድምፁ ደክሞ ይሆናል፤ ሆኖም የትኛው ዘፈን ይበልጥ እንደተደመጠ ያረጀበት ቦታ ይናገራል። በአንደኛው ሸክላ ላይ ሹል ነገር ያረፈበት ቀለበት፣ በሌላኛው ላይ መርፌ ደጋግሞ በመመላለስ ያሳሳው ቀለበት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።